ወዴት ሊሄዱ ተነሡ?

በደብረ ታቦር ከተማም ሆነ በዙሪያው ባሉት በፋርጣ፣ በእስቴና በጋይንት ቀበሌዎች፣ የሸመገሉ አባት ወይም ያረጁ እናት ከቤት ወጥተው መንገድ መሳት ሲጀምሩ ለቤተሰቡ ከየአቅጣጫው የሚመጣው ምክር አንድ ነው፤ በሩን ቆልፉባቸው። ጎረቤት ይለዋል፣ ዘመድ ይለዋል፣ አልፎ አልፎም ሐኪም ይለዋል። ምክሩ ከክፋት የመጣ አይደለም። ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ በተቀመጠ አገር፣ ከጉና ተራራ የሚወርደው የሌሊት ብርድ አጥንት በሚሰብርበት፣ በክረምት ጉሙ አጥር አላሳይ በሚልበት ስፍራ፣ አንድ አቅመ ደካማ በውድቅት ሌሊት መውጣቱ ሊያስፈራ ይገባል። ገደሉም ጅቡም ወንዙም እውነተኛ ናቸው። የምሞግተው ፍርሃቱን ሳይሆን መፍትሔ ተብሎ የተያዘውን ነው። ሕመምተኛን ብቻውን ቤት ውስጥ ቆልፎ መሄድ አይጠብቀውም፤ አደጋውን ከሜዳ ወደ ጓዳ ያዛውረዋል። ከዚህም የከፋው፣ ቁልፉ ከተዞረ በኋላ ያ ሰው ወዴት ሊሄድ እንደ ተነሣ የሚጠይቅ አይኖርም። ይህ ጥያቄ ሳይመለስ ደግሞ መጥፋትን መከላከል አይቻልም።

የቁልፉ ምክር የቆመው “ጃጅተው ነው” በምትለው አጭር ፍርድ ላይ ነው። ጃጁ ከተባለ በኋላ የሚያደርጉት ሁሉ ትርጉም የለሽ ተደርጎ ይታያል፤ መነሣታቸውም፣ መቀመጣቸውም፣ ወደ በር ማምራታቸውም። ነገር ግን የመርሳት በሽታና እርጅና አንድ አይደሉም። ዘጠናን ተሻግረው ዳዊት የሚደግሙ፣ የማሳ ወሰን ሲያከራክር ተጠርተው የሚመሰክሩ ሽማግሌዎች በየደብሩ አሉ። የመርሳት በሽታ የአንጎል ሕመም ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም ላይ 57 ሚሊዮን ሰዎች በሽታው እንደነበረባቸው፣ ከእነዚህም ከ10ሩ ከ6 የሚበልጡት በዝቅተኛና በመካከለኛ ገቢ አገሮች እንደሚኖሩ ይገልጻል። የአሜሪካው የአልዛይመር ማኅበር በበኩሉ ከ10 ሕመምተኞች 6ቱ ቢያንስ አንድ ጊዜ ከቤት ወጥተው መንገድ እንደሚስቱ ይናገራል። ስለዚህ ይህ ነገር የደረሰበት የፋርጣ ቤተሰብ ለብቻው የተቀጣ ቤተሰብ አይደለም፤ በየአገሩ ብዙ ሚሊዮን ቤት ያንኳኳው ሕመም ነው እሱንም ያንኳኳው።

በሽታው ሲበረታ ቀድሞ የሚጠፋው ቅርቡ ነው፤ የጥንቱ ይዘገያል። ጠዋት ቁርስ መብላታቸውን የረሱ አባት ከ40 ዓመት በፊት በሬ የጠመዱበትን ማሳ አይረሱም። ከ11 ሰዓት በኋላ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የብዙ ሕመምተኞች መንፈስ እንደሚታወክ፣ መቀመጥ እንደሚያቅታቸው በየአገሩ ያሉ ሐኪሞች ያውቁታል። ያ ሰዓት በጉና ሥር ምን ሰዓት እንደሆነ ግን የአገሩ ሰው ይበልጥ ያውቃል። ከብት የሚገባበት፣ ጥጃ ከላም የሚለይበት፣ እረኛው ልጅ ከዘገየ አባት ዘንጉን ይዞ ወደ ግጦሹ የሚወጣበት ሰዓት ነው። ዕድሜውን ሙሉ በዚያ ሰዓት የወጣ እግር፣ ጭንቅላቱ “ከብቶቹ ተሸጠዋል” የሚለውን ባይይዝለት፣ ተነሥቶ ቢወጣ ምን ይገርማል? በሌሊት የቤተ ክርስቲያን ደወል ሲሰሙ ነጠላቸውን የሚያጣፉ እማሆይም ሠላሳ ዓመት ሰዓታት የቆሙበትን መንገድ እየሄዱ እንጂ እየባዘኑ አይደለም። ራሳቸው በሠሩት ቤት ተቀምጠው “ቤቴ ውሰዱኝ” የሚሉም አሉ፤ የሚፈልጉት የልጅነት ቤታቸውን፣ የእናታቸውን ደጅ ነው። ሌላው ምክንያት ከዚህ ሁሉ የቀለለ ነው። ሽንት ቤቱ ጓሮ ነው፤ በጨለማ ለሽንት የወጡት አዛውንት የመመለሻው በር በየት በኩል እንደሆነ ጠፋባቸው። ወይም ርቧቸዋል፤ ወይም ሆዳቸው ደርቆ አላስቀምጥ ብሏቸዋል፤ ወይም ወገባቸውን አሟቸው መናገር አቅቷቸዋል።

አንዳንዱ ምክንያት ደግሞ ሐኪም ቤት የሚፈታ ነው፤ “ጃጅተው ነው” የምትለው ፍርድ ትልቁ ጉዳቷም እዚህ ላይ ነው። ደቡብ ጎንደር ትራኮማ እጅግ ከበረታባቸው የዓለም አካባቢዎች አንዱ ሆኖ የኖረ ዞን ነው፤ የዐይን ሞራም በአረጋውያን ዘንድ ብዙ ነው። ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ያቋቋመው ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ሪፖርት ያልታከመ የዐይን ድክመትን ለመርሳት በሽታ ከሚያጋልጡ 14 ነገሮች ተርታ አስገብቶታል፤ የመስማት ድክመት አስቀድሞም ነበረበት። አጥርና ጥላ የማይለዩ ዐይኖች መንገድ ቢስቱ ጥፋቱ ሁሉ የአእምሮ ነው ማለት አይቻልም። የደጋው ሕዝብ የሚያውቀው እንቅርትም አለ፤ የእንቅርት ዕጢ ሥራ ሲቀንስ ሰው ይፈዝዛል፣ ይረሳል፣ በመድኃኒትም ይሻሻላል። ደኅና የነበሩ ሰው በሦስት ቀን ውስጥ ቀንና ሌሊት ቢደባለቅባቸው የሽንት ቧንቧ ወይም የሳንባ ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል፤ ያ ለነገ የማይባል ሕክምና ይፈልጋል። በሩ የተቆለፈባቸው ሰው ይህን ሁሉ ሳይመረመሩ ይቀራሉ፤ ምክንያቱም የቤተሰቡ ችግር መውጣታቸው ነበር፣ መውጣታቸው ደግሞ ቆሟል።

አሁን ከቁልፉ በስተ ጀርባ ያለውን ቤት እንየው። ሰዉ ለአጨዳ ወይም ለገበያ ወጥቷል። ምድጃው ላይ የተዳፈነ ፍም አለ፤ ጥጉ ላይ ማገዶና ጭራሮ፣ ከበላይ ምናልባት የሣር ክዳን። ውስጥ ያለው ሰው እሳት ምን እንደሚያደርግ የዘነጋ፣ ቢነድም መቀርቀሪያ የት እንዳለ የማያስታውስ፣ ቢያስታውስም ከውጭ የተቆለፈበት ነው። በዚህ ቤት ውስጥ ከመቀመጥ ይልቅ ቀን በብርሃን መንገድ ላይ መታየት ያነሰ አደጋ አለው ብል ማጋነን አይሆንም። እሳቱ ባይነሣ እንኳ፣ መውጣት የተከለከለ ሰው በሩን ይደበድባል፣ በመስኮት ሊወጣ ሲል ይወድቃል፣ ቁጣው በምሽት ምግብ ለምታቀርብለት ምራት ይተርፋታል። መራመድ ያቆመ ሽማግሌ እግሩ በጥቂት ሳምንት ይከዳዋል፤ መቀመጫውና ጀርባው ይቆስላል፤ ቀን ሲያንቀላፋ ስለሚውል ሌሊት ይነቃል። ቤተሰቡም “በሽታው ባሰባቸው” ይላል። ከባሰው ውስጥ የቁልፉ ድርሻ ስንት እንደሆነ የሚያስብ የለም።

የሚቆልፉትን ሰዎች ለመኮነን አይደለም ይህን የምለው። በጉራጌ አገር በሶዶ ወረዳ ስኪዞፍሬኒያ የያዛቸውን ሰዎች በሰንሰለት ስለማሰር ተመራማሪዎች ያደረጉት፣ እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ጥናት አለ። ያገኙት ጨካኝ ቤተሰብ አይደለም። ሕክምና ያጡ፣ የሚረዳቸው የሌለ፣ ያሰሩትን ልጅ እያዩ የሚያለቅሱ ወላጆች ናቸው። የቸገረው እርጉዝ ያገባል። ሕመሙ ሌላ ቢሆንም የደጋው ቤትም እንዲሁ ነው፤ ቁልፉን የምታዞረው ብዙ ጊዜ ብቻዋን የተተወች ሴት ናት። ውኃ የምትቀዳው፣ እንጀራ የምትጋግረው፣ ሕፃን የምታጠባው፣ አማቷንም የምትጠብቀው እሷ። እሷን “ጨካኝ” ማለት ግፍ ነው። “ቆልፊባቸው” ብሎ መክሮ ወደ ቤቱ የሚሄደው ዘመድ ግን መወቀስ አለበት፤ ምክሩ ለእሱ የሚያስከፍለው አንዲት ሰዓት እንኳ የለምና።

“ቆልፈን አይተነዋል፤ አልጠፉም” የሚል ይኖራል። ይህ ክርክር ጠንካራ የሚመስለው የተቆለፈባቸውን ቀናት ብቻ ስለሚቆጥር ነው። ከቤት ወጥተው የጠፉ ሕመምተኞችን ታሪክ ለዓመታት የመረመረችው አሜሪካዊቷ ሜሬዲት ሮው ያገኘችው ነገር እንዲህ ነው፤ አብዛኞቹ የጠፉት በር ሰብረው ወይም አጥር ዘለው አይደለም። ዘወትር የሚያደርጉትን፣ ቤተሰብም የፈቀደላቸውን ነገር ሲያደርጉ ነው የጠፉት። ደጅ ሲቀመጡ፣ ወደለመዱት ቦታ ሲሄዱ፣ ጠባቂው ለአፍታ ዘወር ሲል። ቀኑ አስቀድሞ አይታወቅም፤ መቶ ጊዜ ሄደው የተመለሱበት መንገድ በመቶ አንደኛው ይጠፋቸዋል። እንግዲህ ቁልፍን በሚያምን ቤት ያሉ ሕመምተኛ ሊጠፉ የሚችሉት ቁልፉ በተረሳባት ቀን ነው። በዚያች ቀን ደግሞ ጎረቤቱ መታመማቸውን አያውቅም፣ ኪሳቸው ውስጥ ስልክ ቁጥር የለም፣ እግራቸውም ደክሟል። በቤት ለሚኖሩ ሕመምተኞች ከመድኃኒት ውጭ ያሉ መከላከያዎችን ለመመዘን እ.ኤ.አ. በ2007 የሕክምና ማስረጃ የሚመዝነው የኮክሬን ድርጅት ገምጋሚዎች ጥናት ሲያሰባስቡ ለመስፈርታቸው የሚበቃ አንድም ሙከራ አላገኙም። ይህ እኔ ለምለውም የሚሠራ ማስጠንቀቂያ ነው፤ ነገር ግን “ቁልፍ የተረጋገጠ መፍትሔ ነው” የሚለውን ከሥሩ ይነቅለዋል።

ከፋርማሲ የሚገዛው ማስተኛም ያው ቁልፍ ነው፣ በኪኒን መልክ። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2005 ለሳይኮሲስ (ለከባድ የአእምሮ መታወክ) የሚሰጡ አዳዲስ መድኃኒቶች የመርሳት በሽታ ባለባቸው አረጋውያን ላይ ሞትን እንደሚያበዙ አስጠንቅቋል፤ በ2008 ማስጠንቀቂያውን ሃሎፔሪዶልን ወደ መሰሉት ነባር መድኃኒቶች አስፍቶታል። ሐኪም ሲያስፈልግ ሊያዝዛቸው ይችላል። ሰውየው እንዳይነሣ ብቻ ተብሎ መስጠት ግን መውደቅን፣ ትን ማለትንና ሞትን መጋበዝ ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? ከመውጣቱ በፊት አብሮ መውጣት። ከብት ለማስገባት የሚነሡትን አባት ከ10 ሰዓት ተኩል ጀምሮ አንድ የልጅ ልጅ ይዟቸው እስከ ግጦሹ ደርሰው ቢመለሱ፣ እግሩ የሚፈልገውን አግኝቷል፤ ምሽቱ ይረጋጋል። ለደወሉ የሚነሡትን እማሆይ ጠዋት ኪዳን የምትሄድ ጎረቤት ብትወስዳቸው የሌሊቱ መነሣት ይቀላል። እጅ ሥራ ሲያገኝ እግር ያርፋል። ብዙ ነገር የረሱ እናት እንዝርት ሲጨብጡ ጣታቸው ይፈትላል፤ ምስር መልቀም፣ ድንች መላጥ፣ በቆሎ መፈልፈል ይችላሉ። የለቀሙት ተመልሶ መለቀም ቢኖርበት ምን ቸገረ? ዐይን ለሚያይ ቤተሰብ መውጣት ምልክት አለው፤ ከመውጣታቸው በፊት ጋቢያቸውን ከማንጠልጠያው ያወርዳሉ፣ ዘንጋቸውን ይፈልጋሉ። ጋቢና ዘንግ ሰው በሚውልበት ክፍል ከተሰቀሉ ሐሳባቸው ገና ከበር ሳይደርስ ይታወቃል። በሳንቃው በር ላይ የታሰረች አንዲት ቃጭል በሩ በተነካ ቁጥር ታቃጭላለች። ስልክ ቁጥር የተጻፈበት ጨርቅ በካፖርቱ ውስጠኛ ክፍል ቢሰፋ ዋጋው መርፌና ክር ነው። መንገድ ላይ ሲያገኟቸውም “የት ነው የሚሄዱት? ቤትዎ እዚህ አይደለም እንዴ!” ብሎ መሟገት ያስቆጣል፤ “አባባ፣ እኔም ወደዚያው ነኝ፣ አብረን እንሂድ” ብሎ ጥቂት ተራምዶ ማዞር ግን ይቻላል።

“ማን ጊዜ አለው?” የሚለው ተቃውሞ ከሁሉም የከበደው ነው፤ አቃልዬ ላልፈው አልፈልግም። በእርሻና በአጨዳ ወር አንድ እጅ እንኳ ውድ ነው። ቢሆንም ሒሳቡ እንዲህ ነው። ጥበቃ የሚያስፈልገው 24 ሰዓት ሙሉ በእኩል መጠን አይደለም። ለአንድ ሳምንት መቼ እንደሚነሡ ልብ ያለ ቤተሰብ አደገኞቹ ሰዓታት ሁለት ወይም ሦስት መሆናቸውን ይደርስበታል። እነዚያን ሰዓታት ለአምስት ልጆችና ለሁለት ጎረቤቶች መከፋፈል ይቻላል፤ አዲስ አበባና ባሕር ዳር የሚኖሩት ልጆች ተራ መግባት ባይችሉ ለምትጠብቀው ሴት የሥራ ረዳት የሚሆን ገንዘብ መላክ ይችላሉ። በአንጻሩ አንድ ሽማግሌ ጠፍተው ሲያድሩ ቤተሰቡ በሙሉ ሥራ ፈትቶ ይወጣል። ሰዓቱ የማይቀር ወጪ ነው፤ ጥያቄው አስቀድሞ በጥቂቱ ይከፈላል ወይስ በኋላ በአንድ ጊዜ የሚለው ነው። ተቋም ይረከበን የሚለውም ሐሳብ አያዋጣም። በአዲስ አበባ ቢኒያም በለጠ የመሠረተው መቄዶንያ ረዳት ያጡ አረጋውያንንና የአእምሮ ሕሙማንን ከጎዳና እያነሣ ይጦራል፤ የከበረ ሥራ ነው። ነገር ግን የተሠራው ሰው ለሌላቸው ነው። ልጅ፣ ጎረቤትና እድር ያላቸው የፋርጣ አባት እዚያ መድረስ የለባቸውም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ብዙ ጊዜ ጮክ ተብሎ አይነገርም፤ ገመና ነው። “የእገሌ አባት አበዱ” እንዳይባል፣ የልጅ ልጅ ጋብቻ እንዳይበላሽ ሕመሙ ይሸሸጋል። ቁልፉ ከመንገድ ይልቅ ከሰው ዐይን መሸሸጊያ የሚሆንበት ቤት ጥቂት አይደለም። ግን የሚያድነው መታወቅ ነው። የንስሐ አባቱ፣ የደብሩ ዘበኛ፣ የባጃጅ ሾፌሮች፣ የመናኸሪያው ተራ አስከባሪ እኒህ አባት መንገድ እንደሚጠፋቸው ቢያውቁ፣ ከወረታ በደብረ ታቦርና በነፋስ መውጫ አድርጎ ወልድያ በሚደርሰው መንገድ ላይ ከሚያልፈው መኪና በአንዱ ተሳፍረው ከመሄዳቸው በፊት አንድ ሰው እጃቸውን ይይዛቸዋል። ጃፓን ውስጥ በፉኩኦካ ግዛት ያለችው የኦሙታ ከተማ ከእ.ኤ.አ. 2004 ጀምሮ ይህን ትለማመዳለች፤ አንድ ሰው የጠፋ ሕመምተኛ መስሎ ይወጣል፣ ነዋሪው መልእክት ይደርሰዋል፣ ሰውየውን ፈልጎ በትሕትና ማነጋገር ይማራል። ጃፓን ቴክኖሎጂ የሞላው ሀብታም አገር ነው፤ እንዲያም ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2023 የመርሳት በሽታ ያለባቸው 19,039 ሰዎች ጠፉ ተብሎ ለፖሊስ ተመዝግቧል። ኦሙታ መፍትሔውን የፈለገችው ከጎረቤት ነው። ጉርብትናው ገና ካልፈረሰበት ከእኛ አገር በተሻለ ይህን ማን ሊያደርገው ይችላል?

ሦስተኛው ተቃውሞ አገሩ አስጊ ነው የሚል ነው፤ ገደሉ ሳይበቃ ባለፉት ዓመታት በክልሉ ያለው ግጭት ሌሊት መንቀሳቀስን ለሞት የሚያጋልጥ አድርጎታል። ለዚህ የምሰጠው መልስ ግማሽ ስምምነት ነው። ሌሊት ቤተሰቡ በሙሉ ውስጥ ተኝቶ በሩ ከውስጥ ቢቀረቀር ክፋት የለውም፤ እሳት ቢነሣ የሚከፍት አለ፣ ለሽንት ሲነሡ የሚነቃ አለ። እኔ የምቃወመው ቀን፣ ከውጭ፣ ብቻውን በቀረ ሰው ላይ የሚዞረውን ቁልፍ ነው። ከዚያ ያለፈውን አደጋ ደግሞ ማንም ቤተሰብ ሙሉ በሙሉ ሊዘጋው አይችልም፤ ሊጠየቅበትም አይገባም። እ.ኤ.አ. በ2007 በጃፓን ኦቡ ከተማ የ91 ዓመት ሕመምተኛ፣ የ85 ዓመት ሚስታቸው ለጥቂት ደቂቃ ባሸለቡበት ወጥተው ባቡር ገጫቸው። የባቡር ድርጅቱ ቤተሰቡን ከሰሰ፣ የበታች ፍርድ ቤቶችም ካሣ ፈረዱ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ግን በ2016 ቤተሰቡ አይጠየቅም ብሎ ውሳኔውን ሻረ። ያሸለበች ባለቤትን መክሰስ ማለት ሌሎችን ሁሉ ቆልፉ ብሎ ማዘዝ ነው። በእኛም ሰፈር “ምነው አልቆለፋችሁም ነበር?” የሚለው የለቀስተኛ ወቀሳ ያንኑ ያዝዛል።

ሰው ሲጠፋ ደግሞ ፍለጋው ራሱ መላ ይፈልጋል። የጠፉ ሰዎችን አካሄድ ያጠኑት እንደ ሮበርት ኬስተር ያሉ ባለሙያዎች እንደሚሉት የመርሳት በሽታ ያለበት ሰው አንድ ነገር እስኪይዘው ድረስ ፊቱን ወዳዞረበት ይሄዳል፤ ብዙውን ጊዜ የሚገኘው ከጠፋበት ሳይርቅ፣ ቁጥቋጦ ወይም ቦይ ውስጥ ተወትፎ ነው። ሲጠሩት አይመልስም፤ “ድረሱልኝ” ብሎም አይጮህም። የእኛ ፈላጊ ግን ስም እየጠራ ዋናውን መንገድ ይዞ ይገሰግሳል፣ ዘመድ ያለበት ሩቅ ቀበሌ ድረስ ይደውላል፤ ቤቱ ጀርባ ያለው ባሕር ዛፍ ግን ሳይፈተሽ ያድራል። መጀመሪያ ቅርቡ፣ እያንዳንዱ ቦይና አጥር ሥር፣ ጎንበስ ተብሎ ይታይ። በጉና ብርድ የመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ካመለጡ የሚቀረው ተስፋ ትንሽ ነው።

ለዚህ የሚሆን ድርጅት ከውጭ አናስመጣም፤ እድር አለ። ሰው ሲሞት ጥሩንባ ይነፋል፣ አባል ሥራውን ጥሎ ይወጣል፣ የቀረ ይቀጣል። የጠፋን ሰው በሕይወት ሳለ ለመፈለግ ግን ጥሩንባው አይነፋም፤ ቤተሰቡ ለብቻው ሲባዝን አምሽቶ፣ አስከሬን ሲገኝ እድሩ ይጠራል። በወር ስብሰባው በመተዳደሪያ ደንቡ ላይ አንድ አንቀጽ ይጨመር፤ የአባል አባት ወይም እናት ጠፉ ሲባል በዚያው ሰዓት ጥሩንባ ይነፋ፣ ፈላጊው በአቅጣጫ ይከፋፈል፣ ለቀብር የቀረ የሚከፍለውን ቅጣት ለፍለጋ የቀረም ይክፈል። የሕመምተኞቹም ስም አስቀድሞ በእድሩ ዳኛ እጅ ይኑር፤ የትኛው አባት በየትኛው ሰዓት ወዴት መሄድ እንደሚወዱ ጭምር።